ቅቤ የቀባሁት ጎማ

እኔ ጎማ ዐውቃለሁ። ሣቁ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሥቃል። የልጅ ልጆቼ መኪና ሊገዙ ሲሄዱ ቀለሙን ያያሉ፣ ሞተሩን አስነሥተው ያዳምጣሉ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብድግ ይላሉ፤ ከዚያ ጎማውን በጫማቸው ጫፍ አንዴ መታ አድርገው «ጥሩ ነው» ይላሉ። በጫማ! ደሜ ይፈላል። ጉልበቴ እያመመኝም ቢሆን ነጠላዬን አጣፍቼ ቁጢጥ እልና የጎማውን ጎን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ሻጩ «እማማ፣ ምን ጠፋብዎ?» ይለኛል። «የጠፋብኝ የለም፤ ውሸትህን እየፈለግሁ ነው» እለዋለሁ።

ይህን ዕውቀት ያገኘሁት መቀሌ ነው። ያስተማረኝም የገዛ ጥፋቴ ነው። ጥፋቴን አልደብቅም፤ ኩራቴንም አልደብቅም፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ስሙኝ።

የተወለድኩት ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ነው። ጣልያን በወጣ ማግሥት ወንድሜ ጸሓፊ ሆኖ መቀሌ ሲመደብ ቤት የምትይዝለት ሴት አጣና እኔን ይዞኝ መጣ። ትግርኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር። ዓመት ሳይሞላኝ አንድ የከተማው ሾፌር ዐይኑን ጣለብኝ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በጣልያን ጊዜ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር ሲውል መንዳት የተማረ ሰው ነው። ሽማግሌ ላከ። ወንድሜ «ለመሆኑ ቤት አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው «አለው፤ ግን ይሄዳል» አሉ።

ቤቱ ካሚዮን ነበር። አንድ የጣልያን መንገድ ሥራ ኃላፊ ከሠራተኞቹ ጋር ሲዞር ያድርበት የነበረ፣ ከሾፌሩ ጀርባ የእንጨት ክፍል የተሠራለት ካሚዮን። ሰውየው አገሩ ሊገባ ሲል ባለቤቴ እጅ ገባ። ክፍሉ ከግድግዳው ጋር የተያያዙ ሁለት አልጋዎች፣ ታጥፎ የሚዘጋ ጠረጴዛ፣ ሁለት መስኮትና የጭስ መውጫ ያለው ትንሽ ምድጃ ነበረው። ከክፍሉ በስተኋላ ያለው ክፍት ቦታ ለጭነት ነው። ከመቀሌ አሞሌ ጨው ጭነን ወደ ደቡብ እንወርዳለን፤ ከአላማጣና ከደሴ ጤፍና በርበሬ ይዘን እንመለሳለን። ባለቤቴ ረዳት አልነበረውም፤ ረዳቱ እኔ ነበርኩ። ዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው ሥር ድንጋይ የማስገባ እኔ፣ ለሞተሩ ውሃ የምቀዳ እኔ።

የከተማው ሰው «እንዳ ማኪና» ይለን ነበር፤ የመኪና ቤት ማለት ነው። ሴቶች ውስጡን ለማየት እሳት መጫር ሰበብ አድርገው ይመጣሉ። መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ወለሉን በየቀኑ አጠብኩ፣ የመስኮቱን መስታወት በአመድ ወለወልኩ። ቤቷን ይዛ የምትዞር ሴት መቀሌ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ፣ እኮራ ነበር።

በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ጦርነት ተነሥቶ አገር ታመሰና መንገዱ ተዘጋ። ካሚዮናችን ከሰኞ ገበያው በላይ ባለው ሜዳ ላይ ቆመ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ወረደበት፤ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ ፀሐይ ከጧት እስከ ማታ ፊቱን ታነደው ጀመር። አንድ ቀን ሳየው የፊት ጎማዎቹ ጎን ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ወጥቷል። እንደ እግር ንቃቃት ያለ። በጣቴ ዳሰስኩት።

አባቴ ቤት ክረምት ሲወጣ ኮርቻውና ጠፍሩ ቅቤ ይቀባል። ቅቤ ያልጠጣ ጠፍር ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀን ጠብቆ ይበጠሳል፤ ቅቤ የጠጣው ግን ይለሰልሳል፣ ይከርማል። ጎማስ ምንድን ነው? ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ ነገር ቆዳ ብቻ ነው። ከዛፍ ላብ የሚሠራ መሆኑን ማን ነግሮኝ! እናማ በየቅዳሜው ቅቤ አቅልጬ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ ጎማ አሸት ጀመር። ቅቤው ለስድስቱም ስለማይበቃ ወደ መንገዱ የሚታዩትን ሁለቱን የፊት ጎማዎች ብቻ። አያችሁ፣ ከንቱነቴም ልክ ነበረው! የራሴን ፀጉር አድርቄ ጎማ ቀባሁ።

ጎማዎቹ አበሩ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። ባለቤቴ ዞሮ አይቶ «ደህና ወዛ» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት ነው። ሁለት የሾፌር ሚስቶች እንኳ ከእኔ አይተው የባሎቻቸውን ጎማ ይቀቡ ጀመር። ስንጥቁ ስለ ተደፈነ የዳነ መሰለኝ። ባለሙያ ሆኜ አረፍኩ።

በኅዳር መንገዱ ተከፈተ። የባለቤቴ እኅት አላማጣ ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ወሯም ገብቷል። እናትየዋ፣ አማቴ ማለት ነው፣ ለመውለጃዋ ልትደርስላት ስንቋን አሰናድታ ስትጠብቅ ከርማለች። እኔ እሷን «ኣደይ» እላታለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። ቆፍጣና፣ ወሬ የማታበዛ፣ አንዲት ሴት ልጇን እንደ ዐይኗ ብሌን የምታይ ሴት ነበረች። በተሻለው አልጋ ላይ የራሴን ትራስ አድርጌ አስቀመጥኳት። «ቤትሽ ጽቡቕ ነው» አለችኝ፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ያን ቀን ጧት ከእኔ የደላው ሰው አልነበረም።

ኲሓን አልፈን፣ ዓዲ ጉዶም ልንደርስ ሜዳው ላይ ስንበር አንድ ነገር ጮኸ። መድፍ የተተኮሰ መሰለኝ፤ የዚያ ዓመት ሰው ሌላ ምን ይመስለዋል? የፊት ግራው ጎማ ነው። ካሚዮኑ ወደ ግራ ተጎትቶ ከመንገድ ወጣ፣ ቃርሚያው ላይ ዘለለ፣ ከአንድ የድንጋይ ክትር ጋር ተላትሞ ቆመ። እኔ ዱቄት ተደፍቶብኝ ከጠረጴዛው ሥር ተገኘሁ። ኣደይ ከአልጋው ተወርውራ ወለሉ ላይ ነበረች፤ ግራ ክንዷ ከክርኑ በታች ተጣሟል። አልጮኸችም። «ጓለይ፣ ጓለይ» ብቻ አለች። ልጄን፣ ልጄን ማለቷ ነው። ሕመሙ አልነበረም ያንገበገባት፤ ለምጡ እንደማትደርስ ወዲያው ገብቷታል።

አልደረሰችም። መቀሌ ተመልሳ ወጌሻ ክንዷን አስሮላት በሳምንቱ አንድ ነጋዴ ወንድ ልጅ የመወለዱን ወሬ ይዞ መጣ።

የጎማውን ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። መቀሌ ገበያው ዳር አንድ ጎሚስታ ነበር፤ ጎማ ጠጋኝ። የወሎ ሰው፣ እስላም፣ ፂሙ የሸበተ፣ ሥራውን ከጣልያን ጋራዥ የተማረ። ካሚዮናችን በተውሶ ጎማ ተጎትቶ መቀሌ ገብቷል፤ ባለቤቴ ጎሚስታውን ይዞት መጣና የፈነዳውን አሳየው። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ሲጫነው እንደ ራሰ ዳቦ ተቀርፎ እጁ ላይ ቀረ። አሸተተው። አሁንም አሸተተው። ቀና ብሎ «ይኼ ጎማ ነው ወይስ ሙሽራ? ማነው ቅቤ የቀባው?» አለ። ሾፌሮች ከበው ቆመዋል። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። «እኔ ነኝ» አልኩ። ምን ቆርጦኝ ልዋሽ! ጎሚስታው ሆዱን ይዞ ሣቀ፤ ሾፌሮቹም አብረው ተንከተከቱ። ቅባት ቆዳን ያድናል፣ ጎማን ግን ይበላል፤ ይህን ከሣቁ በኋላ ነው የነገረኝ። የቀኙንም ተጫነና «ይኼም ሞቷል፤ አውልቁት» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ጠፋ። «ጎማ ቀቢዋ» ሆንኩ። ገበያ ስሄድ ቅቤ ሻጮቹ «ለሰው ነው ለካሚዮን?» ይሉኛል። እነዚያ ከእኔ አይተው የቀቡ የሾፌር ሚስቶችማ በመንገድ ሲያገኙኝ ፊታቸውን አዞሩ። ይህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ እለው ነበር። ኣደይ ግን በሯን ዘጋችብኝ። ምግብ ይዤ ብሄድ ጎረቤቷ ተቀብላኝ ታስገባላታለች እንጂ እሷ ቀና ብላ አታየኝም። አንድ ቀን ብቻ ከውስጥ ሆና ተናገረች፤ «የልጄን ምጥ አሳጣሽኝ። በዚያ ቤት ሁለተኛ አልገባም» አለች።

ምግቡን ለጎረቤቷ ሰጥቼ ወጣሁ። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። በበቅሎ እንዳትሄድ ክንዷ ታስሯል፤ ያንን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት በአንድ እጅ አይቻልም። በሰው ካሚዮን ጭነት ላይ ተንጠልጥላም አትችለውም። ያለው መንገድ የእኛ ካሚዮን ነው፣ ካሚዮናችን ደግሞ የፊት እግሮቹን አጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ክርስትናውንም ካሳጣኋት መቼም ዐይኗን የማይ አልመሰለኝም። ባለቤቴን «ጎማ እንዴት ነው የምንመርጠው?» ብዬ ብጠይቀው «ጎማ ይገኛል፤ አንቺ ብቻ ዝም በይ» አለኝ። ቆሽቴ አረረ። ዝም ማለት! ዝም ማለት የት አውቄበት!

በማግሥቱ ጧት ጎሚስታው ዘንድ ሄጄ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ፈለግሽ? ቅቤ አንሸጥም» አለ።

«አያ፣ ሣቁብኝ፤ ይገባኛል። ሣቅዎትን ሲጨርሱ ያስተምሩኝ» አልኩት።

አየኝ። «ሴት ጎማ ተምራ ምን ልታደርግ?»

«የምተኛው ከጎማው በላይ ነው። እርስዎ መሬት ላይ ነው የሚተኙት፤ በማን ይብሳል?»

እንደ ገና ሣቀ፤ የአሁኑ ሣቁ ግን ሌላ ነበር። «ወላሂ፣ እውነቷን ነው» አለና የፈነዳውን የእኛኑ ጎማ ከጥግ አውጥቶ በቢላ ሰነጠቀው። «ነይ እይ። ሰው ሁሉ ጎማ ጎማ ይመስለዋል። ውስጡ ጨርቅ ነው» አለኝ።

እውነትም ጨርቅ ነው! በጥቁሩ መካከል ክር በክር ላይ ተደርቦ ተኝቷል፤ የጥጥ ክር። እስካሁን ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አስታውሳለሁ። እኔ እኮ ፈታይ ነኝ። ስድስት ዓመት ሳይሞላኝ እንዝርት ይዣለሁ፤ ሸማኔ ፈትሌን ለይቶ ይፈልግ ነበር። አንዱን ክር በጥፍሬ ቆንጥሬ አወጣሁና ሳብኩት። ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተበጠሰ። «አያ፣ ይኼ የበሰበሰ ፈትል ነው። ውሃ ገብቶበታል። ቅቤው ባይኖርም አይቆይም ነበር» አልኩት።

ጎሚስታው ቢላዋውን አስቀመጠ። «በስንጥቁ ነዋ የገባው። ስንጥቁን ፀሐይ ከፈተው፣ ዝናብ ገባበት፣ ቅቤሽ ደግሞ የቀረውን ጨረሰ። ማንም ግን ክሩን እንዲህ አንብቦልኝ አያውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ቅቤ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ዋልኩ። መኪናውን በክሪክ ማንሣት፣ ጎማ ከቸርኬው ማውለቅ፣ ካላማዳሪያውን፣ ማለት የውስጡን ጎማ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን በአረፋው መፈለግ ተማርኩ። እጄ ተላጠ። ነጠላዬ ማስቲሽ በማስቲሽ ሆነ። ዋናው ትምህርት ግን መምረጥ ነበር። «ጥርሱን አትመኚው» ይለኝ ነበር፤ ጥርስ የሚሉት መሬቱን የሚነክሰውን ሽንሽኑን ነው። «ሳይሄድ የቆመ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ጎኑ ግን ሞቷል። ጎኑን እጠፊው፣ ፀሐይ ላይ እጠፊው፣ ስንጥቁ ያን ጊዜ አፉን ይከፍታል። እጅሽን ውስጡ ሰደሽ ዳስሺው፤ ያበጠ ካለ ተይው። የፊት እግሮቹ መንታ ይሁኑ፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ መሪው ይጎትታል። ከኋላ አንዱ ቢፈነዳ ጎረቤቱ ይይዘዋል፤ ከፊት የሚይዘው የለም። ከሸክሙ በላይ አታሸክሚው። ሲግል ደግሞ አሳርፊው እንጂ ነፋሱን አታስተንፍሺው።» እሱ ፊደል አልቆጠረም፤ በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር እኔ አነብለት ጀመር። የፈረንጅ ቁጥር ወንድሜ አስተምሮኝ ነበርና ከጎኑ ያለው ክምር ውስጥ መንታ የመሰሉ ሁለት ጎማዎች መንታ እንዳልሆኑ ለይቼ አሳየሁት። «አብሽሪ፣ አንቺ ሰው ትሆኛለሽ» አለኝ። ሰው! እኔ እኮ ድሮም ሰው ነበርኩ፤ ግን ደስ አለኝ።

ክርስትናው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው በሰኞው ገበያ አንድ ነጋዴ ጎማ ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ጎማ እንደ ታቦት የሚታይበት ዘመን ነው፤ ሾፌሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጋዴው ከኲሓ አውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን የወጡ ናቸው ያላቸውን ሁለት ጎማዎች ፊት ለፊት አቁሟቸዋል። ጥርሳቸው እንደ አዲስ ማበጠሪያ ነው፤ መሬት የነኩ አይመስሉም። ከኋላው ደግሞ ሦስት ያረጁ ጎማዎች መሬት ላይ ተጥለዋል፤ ጥርሳቸው ግማሽ ያለቀ፣ አንደኛው የተጠገነ፣ ባለፈው ወር እየሠራ ከነበረ ካሚዮን የወለቁ። እኛ የምንችለው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ አዲሶቹን ሲያይ ዐይኑ በራ። «እነዚህ ናቸው» አለ።

«ቆይ» አልኩ።

«ስቕ በሊ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ ዝም በይ ማለት ነው። ከኋላ አንድ ሾፌር ደግሞ «ቅቤ ይዛ መጥታ እንደሆነ እዩዋት!» ብሎ ጮኸ። ገበያው በሣቅ ፈረሰ።

ፊቴ ነደደ። ግን ወደ ኋላ አላልኩም። ቁጢጥ ብዬ የአንዱን አዲስ ጎማ ጎን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ፀሐይ አጠፍኩት። ስንጥቁ አፉን ከፈተ፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ ዙሪያውን። ጥፍሬን ሰድጄ ከሥሩ ያለውን ክር ቆነጠርኩ፣ ሳብኩ። ተበጠሰ። ሌላ ሳብኩ። እሱም። ክሩን ይዤ ተነሣሁና የባለቤቴ መዳፍ ላይ አስቀመጥኩለት። «ይህን ፈትል ለነጠላ ብትሰጠኝ እጥለዋለሁ። የእናትህን ነፍስ አንጠለጥልበታለሁ ወይ?» አልኩት።

ነጋዴው «ሴትዮዋ ዕቃዬን አበላሸችብኝ!» እያለ እሪ አለ። እኔ ወደ አሮጌዎቹ ሄጄ ነበር። እጄን ውስጣቸው ሰድጄ ዳሰስኩ፤ ክራቸው ጠንካራ ነው፣ አልበጠስ አለኝ። ቁጥራቸውን አነበብኩ፤ ያልተጠገኑት ሁለቱ መንታ ናቸው። «እነዚህን» አልኩ። ባለቤቴ መዳፉ ላይ ያለውን ክር ራሱም ሳብ አደረገው፤ ተበጠሰ። ሾፌሮቹ የሚለውን ይጠብቃሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሚስትን ቃል መስማት በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም፤ ይህን እኔም ዐውቃለሁ። በመጨረሻ «አሮጌዎቹን ጫንልኝ» አለ። ከዚያ እስከ ማታ አላናገረኝም፤ እኔም ግድ አልነበረኝም። አዲሶቹን ያ የጮኸብኝ ሾፌር ገዛቸው።

ሐሙስ ጧት ለጉዞ ተነሣን። ኣደይ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ መጣች። ካሚዮኑን ዞራ አየችውና «ለልጅ ልጄ ስል ነው የምገባው። ለአንቺ አይደለም» አለችኝ። «እሺ ኣደይ» አልኩ። ገብታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔ ያስቀመጥኩላትን ትራስ ወደ ጎን ገፋችው።

በየሰዓቱ ግድግዳውን እየመታሁ ባለቤቴን አስቆመዋለሁ። ወርጄ መዳፌን የፊት ጎማዎቹ ላይ አሳርፍና ዐሥር እቆጥራለሁ። መዳፌ ከቻለ እንሄዳለን፤ ካቃጠለኝ ጥላ ፈልገን እናርፋለን። ባለቤቴ ይነጫነጫል፤ ግን ይቆማል። ኣደይ በመስኮቱ ታየኛለች። አላጄ ሥር ስንደርስ ያ ሾፌር አዲሶቹን ጎማዎች አስሮ፣ ተሳፋሪ ሞልቶ፣ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። መስኮቱ ላይ እጁን አውጥቶ ፀጉር የሚቀባ ሰው አስመሰለ። ምን ልበላችሁ፣ ድንጋይ ባገኝ እወረውርለት ነበር።

የዳገቱ ወገብ ላይ አገኘነው። የፊት ቀኙ ፈንድቶ ካሚዮኑ በተራራው ወገን ተደግፎ ቆሟል። ደግነቱ ዳገት ነው፣ ዝግ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ በሌላው ወገን ግን ገደል ነው። ሰው አልተጎዳም። ተሳፋሪዎቹ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ያማትባሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ከዚያ ሕፃን ያዘሉትን ሴቶች ሳይ አፈርኩ። ሾፌሩ ባለቤቴን «እባክህ የቀረውን እየው» አለው። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ፤ «እኔ አላውቅም። እሷን ጠይቃት» አለ። እንዲህ አለ! ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ወደ እኔ መጣና «እኅቴ፣ እባክሽ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ የቀረውን ጎማ አጠፍኩት። «በዚህ ጎማ ቁልቁለት አትውረድ። ሌላ እስኪመጣልህ እዚሁ ሁን» አልኩት። ስድብ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።

ተሳፋሪዎቹ የእኛን ካሚዮን ወረሩት። «ቁሙ!» አልኩ። ጎማዎቼ የሚችሉትን ዐውቃለሁ። ሰው ልጨምር ከሆነ ጨው መውረድ አለበት። ባለቤቴ «ጨውን መንገድ ላይ?» ብሎ ዐይኑን አፈጠጠ። «ጨውህን ያ ሾፌር ይጠብቅልሃል፤ ሥራ የለውም» አልኩት። አሞሌውን እያወረድን በልኩ ሰው ጫንን፤ ሕፃን ያዘሉትን፣ ሽማግሌዎቹን። ወጣቶቹ በእግራቸው ይውጡ። በደህና ተሻግረን ማይጨው አደርን፤ እዚያ ግማሾቹ ወረዱ።

በማግሥቱ ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ደረስን። ያን ያየ ያውቀዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የአላማጣ ሜዳ ከታች እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ ዘመን ልማዱ እንዲህ ነው፤ ተሳፋሪ ሁሉ አፋፉ ላይ ይወርድና በአቋራጭ በእግሩ ይወርዳል፤ ሾፌሩ ብቻውን ካሚዮኑን ያወርዳል። ቢወድቅ እሱ ብቻ ይወድቃል። ባለቤቴ ሁሉንም አስወረደ። እናቱን ደግፎ ደረጃው ላይ አደረሳት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ነይ ውረጂ» አለኝ።

«አልወርድም» አልኩ።

«አብደሻል?»

«ጎማውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ካመንከኝ ንዳ። ካላመንከኝ አንተም ውረድ።»

እጁን አወናጨፈ። እኔም የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ክሩ ጠንካራ መሆኑን ዐውቃለሁ፣ በጥፍሬ ስቤዋለሁ፤ ቁልቁለቱን ሲያዩት ግን ዕውቀት ሁሉ ከሰው ይሸሻል።

ኣደይ አንድ እግሯ መሬት ነክቶ ነበር። ቆመች። እኔን አየችኝ፣ ጎማውን አየችው፣ መልሳ እኔን አየች። በደህናው እጇ የበሩን እንጨት ይዛ እየቃተተች ወደ ላይ ወጣች። ባለቤቴ «ኣደ! ምን ሆነሻል?» ብሎ ጮኸ። መጥታ ከጎኔ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ፣ ተቀመጠች። ከዚያ የእንጨቱን ግድግዳ በቡጢዋ ደበደበችና ልጇን «ኪድ!» አለችው፤ ሂድ።